አንዱ ክኒን ሁለት ሲሆን፦ የአነቃቂ መድኃኒት መጠን በስሕተት ቢደረብ ምን ማድረግ ይገባል?

ለመሆኑ አንድ ተማሪ ሐኪም ያዘዘለትን አነቃቂ መድኃኒት ጠዋት ውጦ፣ መዋጡን ዘንግቶ እንደገና ቢውጠው ምን ይደርስበታል? ጥያቄው የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግርም ሆነ ናርኮሌፕሲ የተባለው በቀን እንቅልፍ የሚጥል ሕመም በእኛም አገር ያሉ፣ በሐኪም የሚታወቁና የሚታከሙ ናቸው። ለእነዚህ ከሚታዘዙት አነቃቂ መድኃኒቶች መካከል ዋነኛው ሜቲልፌኒዴት ይባላል። መድኃኒቱ እንደ ፓራሲታሞል ከየትኛውም መድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚወሰድ ሳይሆን ቁጥጥር የሚደረግበት፣ በልዩ ማዘዣ የሚሰጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የቀረቡለትን ጥያቄዎች አልተቀበለም። መድኃኒት በዘመድ ሻንጣ ማስመጣት ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ፣ ሰዓቱም በውጭ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ሲጠፋበት የሚጠይቀው ፋርማሲስትም አጠገቡ የለም።

እኛ የምንኖርባት ሐዋሳ ሌላም ነገር አላት። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ወንዶ ገነት ላይ፣ ጫት ይበቅላል። ሲዳማ የቡና አገር ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ክኒን በስሕተት የደረበ ሰው አጠገቡ ሁለት ተጨማሪ አነቃቂዎች በየደጃፉ ይጠብቁታል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ጤናማ በሆነ ሰው ላይ አንድ ጊዜ የተደረበ የተለመደ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም «ለማብረድ» ተብሎ፣ የሚጨመርበት ነገር ነው።

በሚስት ስም የተጠራው መድኃኒት

ሜቲልፌኒዴትን እ.ኤ.አ. በ1944 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሊአንድሮ ፓኒዞን የተባለ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሲባ ኩባንያ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። ባለቤቱ ማርግሪት መድኃኒቱን ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ትወስደው ነበርና በቁልምጫ ስሟ በ«ሪታ» ተነሥቶ «ሪታሊን» ብሎ ሰየመው። የመድኃኒቱ ታላቅ ዘመድ የሆነው አምፌታሚን ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ ሮማኒያዊው ላዛር ኤዴሌአኑ በርሊን ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። የሁለቱም ሥራ የሚገባን ነርቮች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ ስንረዳ ነው።

አንድ የነርቭ ሴል ለጎረቤቱ መልእክት ሲልክ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይረጫል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ በሴሉ ግድግዳ ላይ የተተከሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች የተረጨውን መልሰው ይሰበስቡታል። ሜቲልፌኒዴት እነዚህን አጓጓዦች ይዘጋል፤ በዚህም የተነሣ ዶፓሚኑ በክፍተቱ ውስጥ ይቆያል። አምፌታሚን ከዚህ አልፎ በሴሉ ውስጥ የተከማቸውን ወደ ውጭ ይገፋል። ኖርአድሬናሊን በአንጎል ብቻ ሳይሆን በልብና በደም ሥሮችም ላይ ትእዛዝ አለው። አነቃቂ የወሰደ ሰው ልቡ የሚፈጥነው፣ የደም ግፊቱ ከፍ የሚለው፣ አፉ የሚደርቀውና ምግብ የሚያስጠላው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጫት አንድ ቃል እንጨምር። በጫት ለጋ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን በኬሚካል አወቃቀሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ካቲን ወደተባለ ደካማ ውሕድ ይለወጣል። ነጋዴዎች ጫቱን በኮባ ወይም በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው እየተጣደፉ ወደ ገበያ የሚያደርሱት ለዚህ ነው። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሳያነቡ ኬሚስትሪውን ያወቁ ሰዎች ናቸው።

እጥፍ መጠን፣ ግን እጥፍ ያልሆነ ውጤት

ብዙ ሰው «ሁለት ክኒን የሁለት ክኒን ያህል ይሠራል» ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ በኖራ ቮልኮው የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ጉዳዩን በአንጎል ምስል መረመረው። ጤናማ ሰዎች 10 ሚሊግራም ሜቲልፌኒዴት ሲወስዱ ከዶፓሚን አጓጓዦቻቸው በአማካይ 40 ከመቶው ተዘጋ፤ በ20 ሚሊግራም 54 ከመቶ፣ በ40 ሚሊግራም 72 ከመቶ፣ በ60 ሚሊግራም ደግሞ 74 ከመቶ ሆነ። ከ20 ወደ 40 ሲሄድ መጠኑ በእጥፍ አደገ፤ የተዘጉት በሮች ግን በሲሶ ብቻ ጨመሩ። ከ40 ወደ 60 ሲሄድማ ከናካቴው የጨመረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በፈተና ሰሞን ሆን ብሎ የጓደኛውን ክኒን ደርቦ የሚውጥ ተማሪ ካለ ይህን ቁጥር ደግሞ ደጋግሞ ቢያየው አይከፋም። በሮቹ ሲዘጉ የሚቀርለት ትርፍ የልብ ትርታና እንቅልፍ ማጣት ነው።

የተደረበው መጠን ስንት ሰዓት ይቆያል? መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገን በፊዚክስ ክፍል ስለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች የተማርነው ግማሽ ዕድሜ ብቻ ነው። የሜቲልፌኒዴት ግማሽ ዕድሜ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ 2 ሰዓት ተኩል እንበለው። ስሌቱን ለማቅለል መድኃኒቱ ወዲያው ደም ውስጥ እንደገባ እንቁጠር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ 10 ሚሊግራም የወሰደ ሰው 4 ሰዓት ተኩል ላይ 5፣ 7 ሰዓት ላይ 2.5 ሚሊግራም ይቀረዋል። በዚያው ሰዓት 20 የወሰደው ደግሞ 4 ሰዓት ተኩል ላይ 10፣ 7 ሰዓት ላይ 5፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ 2.5 ይሆናል። ልብ እንበል፤ መጠኑ በእጥፍ ቢያድግም ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው ወደ ኋላ የቀረው በአንድ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በ2 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በፈጣኑ ሜቲልፌኒዴት የተሳሳተ ሰው ከሰዓት በኋላ ላይ ወደ ራሱ ይመለሳል የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

አምፌታሚን ግን እንዲህ ቸር አይደለም። ግማሽ ዕድሜው ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መጠኑን የደረበ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ልክ የተለመደውን አንድ መጠን አሁን የወሰደ ያህል ነው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አይጠበቅም። ቀስ እያሉ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩት የሜቲልፌኒዴት ዓይነቶችም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ስለሚሠሩ ከፍተኛው መጠናቸው ዘግይቶ ይመጣል። እነዚህን የደረበ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ መዘናጋት የለበትም። ማኘክና መፍጨትም አይገባም፤ ለቀኑ የተመደበው በአንድ ጊዜ ይለቀቃልና።

ሁለት ሰዓት አቆጣጠር፣ ሁለት ክኒን

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? መርሳት አንዱ ነው። ሌላው የማሸጊያ ለውጥ ነው፤ እስከ ዛሬ የ10 ሚሊግራም ክኒን ይወስድ የነበረ ሰው በአዲሱ ሻንጣ የ20 ሚሊግራም ቢመጣለትና ቁጥሩን ሳያይ ቢውጥ አንዲት ክኒን ወስዶ መጠኑን ደርቧል። በመድኃኒት ከረጢት ላይ የሚጻፈው «1×2» የሚል ምልክትም «አንድ ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ» ማለት መሆኑን ያልተነገረው ሰው ሁለቱን ባንዴ ሊውጥ ይችላል።

እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የአገራችን ልዩ ጉዳይ የሆነው የሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ብልቃጡ ላይ «በ8 እና በ12» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይህ በውጭ አቆጣጠር ሲሆን በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከቀኑ 6 ሰዓት ማለት ነው። ስልኩን የሚያይ ተማሪ በትክክል በ2 እና በ6 ሰዓት ወሰደ። እናት ደግሞ ወረቀቱን አይተው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ «ልጄ፣ የስምንት ሰዓቱን መድኃኒትህን ውሰድ እንጂ» ይሉታል። እርሱም ከትምህርት ደክሞ መጥቷልና ሳያስብ ይውጣል። የ6 ሰዓቱ ከተወሰደ ገና ሁለት ሰዓት ስለሆነው በግምት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሰውነቱ ውስጥ አለ። ሁለቱ ሲደመሩ ሙሉ እጥፍ ባይሆኑም ከአንድ ተኩል መጠን ይበልጣሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የ«12»ቱ ከተደገመማ ልጁ ሌሊቱን ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል።

የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት

መደረቡ በታወቀ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሦስተኛ ነገር ወደ አፍ አለማስገባት ነው። ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ይነሣ። የመድኃኒቱ ስም፣ የአንዱ ክኒን ሚሊግራም፣ ፈጣኑ ይሁን ቀስ ብሎ የሚለቀው፣ ስንት ተዋጠ፣ በስንት ሰዓት፣ የሰውየው ክብደት ስንት ነው? እነዚህን የያዘ ሰው ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ መድኃኒት ባለሙያ ሲደውል መልሱን በአንድ ደቂቃ ያገኛል፤ ያልያዘ ግን ሐኪሙንም ያስጨንቃል።

ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች ባወጡት መመሪያ ፈጣኑን ሜቲልፌኒዴት ከ60 ሚሊግራም በላይ፣ ወይም በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ2 ሚሊግራም በላይ የወሰደ ሰው፣ ከሁለቱ ባነሰው ቁጥር ተመዝኖ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይላካል። ቀስ ብሎ የሚለቀው ሳይታኘክ ከተዋጠ ወሰኑ 120 ሚሊግራም ወይም በኪሎ 4 ሚሊግራም ነው። 55 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 10 ሚሊግራሙን ደርቦ 20 ቢወስድ ከወሰኑ ገና ሩቅ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን ወሰኑ 40 ሚሊግራም ነው፤ የ20 ሚሊግራም ክኒን ሁለት ጊዜ ከተሰጠው ድንበሩ ላይ ቆሟል። ያው ስሕተት በታላቅ ወንድም ላይ ቀላል፣ በታናሽ ላይ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። እነዚህ ወሰኖች ምንም የሕመም ምልክት ለሌለው ሰው የተሰጡ መሆናቸውም አይዘንጋ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ መድኃኒቱ ጭራሽ ያልታዘዘለት ሕፃን፣ መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሊኔዞሊድ የሚወስድ ሰው ቁጥር ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይሂድ። ሊኔዞሊድ ኖርአድሬናሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያዳክም ከአነቃቂ ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ለጉንፋን የሚሰጠው ሱዶኤፌድሪንም በዚያ ቀን ቢቀር ይሻላል።

ምልክት የሌለውና ከወሰኑ በታች የሆነ ሰው ቤቱ ሆኖ ይጠብቅ፤ ብቻውን ግን አይሁን። ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ባይርበውም ጥቂት ይብላ፣ መኪናም ሆነ ባጃጅ አይንዳ። የቀኑን ቀሪ መጠን ሐኪሙ ካልነገረው አይውሰድ። በየግማሽ ሰዓቱ የእጅ አንጓውን ይዞ የልቡን ትርታ ለ30 ሴኮንድ ቆጥሮ በ2 ያባዛ። ያረፈ ጤናማ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ጥቂት ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ቁጭ ብሎ ከ120 በላይ እየመታ ካልወረደ ግን ቤት መጠበቁ ያበቃል።

«ማብረጃው»

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ደረስን። በአገራችን ምርቃናን በመጠጥ መስበር፣ ማለትም ጨብሲ፣ የታወቀ ልማድ ነው። የመድኃኒቱ መደረብ ያንቀጠቀጠው ሰውም በዚሁ ልማድ ቢራ ሊከፍት ይችላል። ይሁን እንጂ አልኮል ሜቲልፌኒዴትን አያጠፋውም። እንዲያውም የደም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ በጉበት ውስጥም ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ኤቲልፌኒዴት የተባለ ሌላ አነቃቂ ይፈጥራል። ለማብረድ የተጠጣው ብርጭቆ እሳቱ ላይ ማገዶ ጨመረ ማለት ነው። ከጎረቤት የተለመነ የእንቅልፍ ክኒንም እንዲሁ አይወሰድም። ሐኪም በሆስፒታል ውስጥ ዳያዜፓምን ለዚህ ሊሰጥ ይችላል፤ እርሱ ግን ትንፋሹንና የደም ግፊቱን እየተከታተለ ነው።

ቡናም ያው ነው። አቦል ከተጠጣ ቶና፣ ቶና ከተጠጣ በረካ ይከተላል፤ የካፌይን ግማሽ ዕድሜ ደግሞ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ቡና እየተፈላ «አልጠጣም» ማለት በባህላችን ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ የዚያን ቀን ግን በሽታውን ተናግሮ ማለፍ ነውር የለበትም። ጫት መቃም ከአነቃቂ ላይ ሌላ አነቃቂ መደረብ ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም።

ስለ ወተትስ? «ወተት መርዝ ያፈርሳል» የሚለው እምነት በየቤቱ አለ። ወተት ሜቲልፌኒዴትንም ሆነ አምፌታሚንን አያፈርስም። የሚወደው ሰው እንደ ምግብ ቢጠጣው ጉዳት የለውም፤ ወተት ሰጥተናል ብሎ ሐኪም ጋ ሳይሄዱ መቅረት ግን ጉዳት አለው። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስታወክም አይመከርም። ክኒኑ ብዙውን ጊዜ ሆድን አልፏል፤ በመካከሉ ሰውነቱ ቢንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ቢስት ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

«ሮጬ ላስወጣው» የሚልም አለ። ይህኛው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የብስክሌት ስፖርት ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1967 በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የቫንቱን ተራራ በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። አምፌታሚን ወስዶ ነበር፤ በዚያው ቀን አልኮልም ጠጥቷል። አነቃቂዎች የደም ሥሮችን አጥብበው ሙቀት በቆዳ እንዳይወጣ ያደርጋሉ፤ የድካም ስሜትንም ስለሚሸፍኑ ሰውየው መቆም ያለበት ቦታ ላይ አይቆምም። መጠኑን የደረበ የሐዋሳ ተማሪ በዚያ ቀን የታቦርን ተራራ አይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የክፍል ግጥሚያም ተመልካች ይሁን። ወደ ፍቅር ሐይቅ ወርዶ ዛፍ ሥር መቀመጥ ግን ይፈቀድለታል።

ሳይዘገዩ የሚኬድበት ጊዜ

የደረት ሕመም፣ ድንገት የመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ራስን መሳት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ላብ የሌለው ትኩስ ገላ፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ግራ መጋባት፣ ወይም በወንዶች ላይ ከ4 ሰዓት በላይ የቆየና የሚያም የብልት መቆም ከታየ በሐዋሳ ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ወይም ወደ አዳሬ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የመድኃኒቱ ብልቃጥና ያ ወረቀት አብረው ይያዙ። የጋለውን ሰው እስከዚያው ልብሱን አላልቶ በውኃ በራሰ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ክኒኑ የተደረበው በስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ፣ ራስን ለመጉዳት ከሆነ፣ ሰውየው ደኅና ቢመስልም፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን፣ ብቻውን ሳይተው ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ይህ የቁጣ ወይም የምክር ሰዓት አይደለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮ መሄድ ነው። በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያም እንዲያነጋግረው መጠየቅ ይቻላል።

በማግስቱ ምን ይደረጋል? ሐኪሙ ካልከለከለና ምልክቶቹ ከጠፉ የተለመደው መጠን በተለመደው ሰዓት ይቀጥላል፤ «ትናንት ስለበዛ ዛሬ ላካክሰው» ተብሎ አይዘለልም፣ ክኒኑም አይገመስም። ብልቃጡ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፎ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያነበው ፊደል ይጻፍ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት አንድ፣ ቀትር 6 ሰዓት አንድ» ተብሎ። ከሥሩ የሳምንቱ ቀናት ተሰምረው ክኒኑ በተዋጠ ቁጥር የዋጠው ሰው ራሱ ምልክት ያድርግበት፤ እናትም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ልጃቸውን ከመጥራታቸው በፊት ወረቀቱን ያያሉ።